ሮምን በሐበሻ ዓይን፦ ከሁሉም የወደድኳቸው ቦታዎች

ሮም የሄደ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ፎቶ አንድ ነው። ኮሎሲየም፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ። እኔም አንስቻለሁ፤ ምን ይደረጋል። ከተማዋ ልቤ ውስጥ የገባችው ግን በነሱ አይደለም። የእኛ ታሪክ የረገጣቸውን ቦታዎች በእግሬ እየፈለግኩ መዞር ስጀምር ነው። ደስ የሚለው አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ከታዋቂዎቹ ቦታዎችም ብዙ አይርቁም፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ እዚያው ውስጥ ናቸው። አስጎብኚ ግን አይነግራችሁም። ቢያውቅም ደስ ብሎት የሚያወራው ታሪክ አይደለም።

ለሥራ፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የምታቀኑ ካላችሁ ቢጠቅማችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳያምታታችሁ።

ከተርሚኒ እንጀምር። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው ባቡር የሚያራግፋችሁ እዚህ ጣቢያ ነው። ስትወጡ ፊታችሁ የተዘረጋው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። የተሰየመው በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ በደመሰሷቸው 500 ገደማ የጣሊያን ወታደሮች ነው። በየቀኑ ስንት ሕዝብ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ይህን አውቄ አደባባዩ ላይ ስቆም፣ ገና ሆቴሌን ሳላገኝ ከተማዋ ሰላምታ የሰጠችኝ መሰለኝ።

መታሰቢያ ሐውልታቸው ደግሞ ከአደባባዩ ወደ ፒያሳ ዴላ ሬፑብሊካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛፍ ያጠላበት ትንሽ ቦታ ላይ ቆሟል። ሥሩ ላይ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ከላይ ያለው ቀጭን ድንጋይ የጣሊያን እንዳይመስላችሁ። በጥንት ዘመን ከግብፅ የመጣ፣ የፈርዖን ራምሴስ 2ኛ ሐውልት ነው። አፍሪካ ላይ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ከአፍሪካ በተወሰደ ድንጋይ! ይህን አይቶ ፈገግ የማይል ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት የምናየው ባለ ወርቅ ቅቡ የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተወስዶ የቆመው እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘውም በዚህ ቦታ ነው። አንበሳው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። አሁን እዚያ ስለ ዘርዓይ የሚናገር ነገር አትጠብቁ። ቦታው ራሱ ትንሽ ችላ የተባለ ነው፤ ቆሻሻም አይጠፋበትም። በቀን ሂዱ፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ።

ከዚያው ጎን ያለው ግዙፍ የጡብ ፍርስራሽ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ነው። አዎ፣ ያ በስንክሳር የምናውቀው፣ ሰማዕታትን ያስፈጀው ንጉሥ። የመታጠቢያው ከፊል በማይክል አንጀሎ ንድፍ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጀሊ ይባላል። በነፃ ይገባል። ከውጭ ሲያዩት ምንም የማይመስል የፈረሰ ግንብ፣ ውስጡ ግን ጣሪያው አንገት የሚያስቀለብስ ነው። የሰማዕታት አሳዳጅ ገላውን የሚታጠብበት አዳራሽ ቅዳሴ የሚቀደስበት ሆኖ ማየት በራሱ ስብከት ነው።

በቪያ ናዚዮናሌ ቁልቁል ስትወርዱ ፒያሳ ቬኔዚያ ትደርሳላችሁ። መንገዱ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አደባባዩ ላይ ዓይን የሚስበው ነጩ፣ እንደ ተራራ የተከመረው የእብነ በረድ ሕንፃ ነው። ሮማውያን ራሳቸው የጽሕፈት መኪና እያሉ ያሾፉበታል። እኔ ግን ጀርባዬን ለሱ ሰጥቼ ቡናማውን ፓላዞ ቬኔዚያን ነው ያየሁት። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሰገነት አለች። ሙሶሊኒ ጥቅምት 2 ቀን 1935 ኢትዮጵያን መውረሩን ያወጀው፣ ግንቦት 9 ቀን 1936 ደግሞ ሮም ዳግም ኢምፓየር ሆነች ብሎ የፎከረው ከዚህች ሰገነት ላይ ነው። በሥዕል ያየኋት ትልቅ መስላኝ ነበር። በአካል ግን ከአንድ ሰፈር ፎቅ ቤት በረንዳ ብዙም አትበልጥም። ምልክት የለባትም፣ ሰው አያያትም። ሥሯ ሆናችሁ ቀና ብላችሁ አይታችሁ እለፉ፤ ደስ ይላል።

ከአደባባዩ አጠገብ ሰፊ ደረጃ ወደ ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ያወጣችኋል። አደባባዩን የነደፈው ማይክል አንጀሎ ነው። መሐል ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ማርቆስ አውሬሊዮስ ቅጂ ነው፤ ዋናው እዚያው ጎን ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ለእኛ ግን ይህ ኮረብታ ሌላ ነገር ነው። መስከረም 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ ማራቶኑን የጀመረው ከዚህ ነው። በባዶ እግሩ፣ 11 ቁጥርን ለብሶ፣ ማታ ሊሆን ሲል። ብዙ ሰው ሩጫው ስታዲየም ውስጥ የተጀመረና ያለቀ ይመስለዋል። አይደለም። የ1960ው ማራቶን ከሐውልት ተነስቶ ሐውልት ሥር ያለቀ ነው።

ከኮረብታው ሳትወርዱ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ በጎን ዞራችሁ ከኋላው ሂዱ። የሮማን ፎረም ፍርስራሽ ሁሉ ከእግራችሁ በታች ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ትኬት የለም፣ ሰልፍ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ መሄድ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ፎረሙን ውስጥ ገብቶ በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ለድንጋይ ከመንከራተት፣ ከዚህ ላይ ሆኖ ማየት ይሻላል። ውስጥ ስትገቡ የቱ የምን እንደሆነ ካልተነገራችሁ ሁሉም የተሰበረ ዓምድ ነው።

ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ የሚባለው ሰፊ መንገድ ሙሶሊኒ ለሰልፍ ማሳያ ያስቆረጠው ነው። ጥንታዊውን ፎረም መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አልፏል። በስተቀኝ ባለው ግንብ ላይ አራት ትላልቅ የእብነ በረድ ካርታዎች ታያላችሁ፤ የሮም ግዛት ከትንሽ መንደር ተነስቶ እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ። ድሮ አምስተኛም ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ የፋሺስቱን ግዛት የሚያሳይ ካርታ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ አንስተውታል። አራቱን አይታችሁ አምስተኛው የነበረበትን ባዶ ግንብ አስቡት።

ኮሎሲየም ጋ ብዙ አልቆይም፤ ስለሱ የተጻፈው ይበቃል። ግን ሦስት ነገር ልበል። ትኬቱን ከኦፊሴላዊው ድረ ገጽ አስቀድማችሁ ግዙ፤ በቀንና በሰዓት ነው የሚሸጠው፣ በስማችሁም ስለሆነ ፓስፖርት ያዙ። እኔ በገባሁበት ጊዜ መደበኛው 18 ዩሮ ነበር፣ ፎረሙንና ፓላቲኖ ኮረብታንም ይጨምራል። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ በነፃ ነው፤ ሰልፉ ግን አይጣል ነው፣ እኔ አልመክርም። በር ላይ ሰልፍ ላሳልፋችሁ ብለው የሚከቧችሁን አትስሙ። የጥንት ወታደር ልብስ ለብሰው አብረን ፎቶ እንነሳ የሚሉም አሉ፤ ከፎቶው በኋላ ነው ዋጋው የሚነገራችሁ። ሦስተኛው፣ ሕንፃው ከውስጥ ይልቅ ከውጭ፣ ከቀን ይልቅ ማታ መብራት ሲበራበት ያምራል። ያን ለማየት ደግሞ የሚያስከፍል የለም።

አሁን ወደ ዋናው ቦታዬ ደረስን። ከኮሎሲየም ጎን የቆመው ባለ ሦስት በሩ ቅስት የቆስጠንጢኖስ ነው፤ የእሌኒ ልጅ፣ ያ የመስቀል በዓል ሲነሳ ስሙን የምንሰማው። በ312 ማክሴንጢዮስን ድል ስላደረገ ነው የተሠራለት። ሰው ሁሉ ኮሎሲየሙን ፎቶ ለማንሳት ጀርባውን ይሰጠዋል። እኛ ግን እንዲህ ማድረግ የለብንም፤ ምክንያቱም አበበ የገባው እዚህ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። በወቅቱ በዓለም ከተሮጠው ሁሉ ፈጣኑ ሰዓት። ጨልሞ ነበር፤ በየመንገዱ ወታደሮች ችቦ ይዘው ነው ያበሩለት። ኮሎሲየም ላይ ሺህ ጊዜ የተተረከውን የግላዲያተር ወሬ ከመስማት፣ እዚህ ቆሞ ያን ማታ ማሰብ ለእኔ ይበልጣል።

ከቅስቱ በቀጥታ የሚነሳው በዛፍ የተከበበ መንገድ ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ነው። የአበበ የመጨረሻ ሜትሮች እነዚህ ናቸው። ግድግዳው ላይ የድሉን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የተሰቀለች የመታሰቢያ ሰሌዳ አለች። እየፈለጋችሁ ካልሄዳችሁ ታልፏታላችሁ። እኔ ያገኘኋት ግንቡን እየተከተልኩ በቀስታ ስሄድ ነው። እጄን አሳረፍኩባት። አንዲት ቱሪስት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስለ ባዶ እግሩ ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው ጫማዋን ነው።

መንገዱ ሲያልቅ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ላይ ትወጣላችሁ። ማዶ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። ሲሠራ ግን የፋሺስቱ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከፊቱ ነው የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ የነበረው። በ1937 ቆራርጠው በመርከብ ወሰዱት፣ እዚያው ዓመት ተከሉት። 24 ሜትር ርዝመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት። ጣሊያን በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል እመልሳለሁ ብላ ፈርማ፣ የተመለሰው በ2005 ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። አክሱም ላይ እንደገና ተተክሎ የተመረቀው ደግሞ በ2008። በመሐሉ በ2002 መብረቅ ሁሉ መቶታል።

አሁን ቦታው ላይ ሌላ መታሰቢያ ነው ያለው፤ በኒውዮርክ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት የቆሙ ሁለት ዓምዶች። መኪና ይጋፋል፣ ትራም ይንኳኳል፣ ሰው ወደ ሜትሮው ይሮጣል። ነገሩን ለማያውቅ ተራ መስቀለኛ መንገድ ነው። እኔ ግን በሮም ከቆምኩባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደዚህ የተደሰትኩበት የለም። ሌላ ቦታ የምንሄደው ያለውን ልናይ ነው፤ እዚህ የሄድኩት የሌለውን ለማየት ነው። እና የለም! ወደ ቤቱ ሄዷል።

አንድ ነገር ልጨምር። አበበ በሩጫው ማብቂያ ላይ አብሮት የነበረውን ሞሮኳዊ ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የሄደው እዚሁ አክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። ሐውልቱ ያኔ እዚያው ነበር። ከዚያ እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ እናንተም በእግር ሞክሩት፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እኔ የተጓዝኩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ስትሄዱ ከሐውልቱ ቦታ ወደ ቅስቱ ብታደርጉት ይሻላል። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ መውረድ ነው።

ጊዜ ካላችሁ እሑድ ቀን አፒያ አንቲካ ሂዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተነጠፈ መንገድ ነው፤ ሩጫው በዚያም አልፏል። እሑድ መኪና ስለሚቀንስ ለእግርና ለብስክሌት ይመቻል። የድሮው ድንጋይ የወጣበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። የኛን ኮብልስቶን አታስቡት። እያንዳንዱ ጥቁር ድንጋይ ትሪ የሚያክል ነው፤ ጀርባው ጎብጦ፣ በሁለት ሺህ ዓመት የጋሪ ጎማ ተልጎ ያብለጨልጫል። በመሐሉ ያለው ክፍተት ጫማ ይይዛል። ወፍራም ሶል አድርጌ ቁርጭምጭሚቴ ሊዞርብኝ ነበር። ከዚህ በኋላ በባዶ እግሩ ሮጠ የሚለውን ስትሰሙ እንደ ድሮው አትሰሙትም።

ወደ መሐል ከተማ እንመለስ። ፓንቴዮን ከሕንፃ ሁሉ የወደድኩት ነው። ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ ያሠራው የ1,900 ዓመት ሕንፃ ነው፤ ጉልላቱ ያለ ብረት በኮንክሪት ብቻ ነው የቆመው። ስፋቱም ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመቱም እኩል 43 ሜትር ገደማ። አናቱ ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ አለ፤ መስታወት የለውም። እኔ የገባሁት ዝናብ እየዘነበ ነው። ዝናቡ መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ወለሉ ትንሽ ተዳፋት ስለሆነ ውኃው ዝቅ ብሎ፣ እብነ በረዱ ላይ በተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ከሐድርያኖስ ዘመን ጀምሮ ውኃው እንዲሁ ይወጣል። ድሮ መግቢያው በነፃ ነበር፤ በ2023 5 ዩሮ አደረጉት። ይገባዋል።

ውስጡ የተቀበሩት ሰዎች አሉ። ሁሉም ወደ ሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ይሄዳል። እናንተ ግን ኡምቤርቶ 1ኛን ፈልጉ። የውጫሌ ውል በስሙ የተፈረመ፣ አድዋ ላይ ጦሩ የተሸነፈው ንጉሥ ነው። በ1900 ተገድሎ እዚህ ተቀበረ። የምኒልክ ባላንጣ እንዲህ ባለ ቦታ ማረፉን አላውቅም ነበርና ስሙን ሳነብ ደንግጬ ቆምኩ። ዝምታ የሚጠየቅበት ቦታ ስለሆነ አጠገቤ ላለው ሰው እንኳን መናገር አልቻልኩም።

ከፓንቴዮን በእግር አምስት ደቂቃ ባለ ርቀት ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም በነፃ። አንዱ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በግራ በኩል መጨረሻው ክፍል ውስጥ ካራቫጆ ስለ ወንጌላዊው ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል። የቀኙ ሰማዕትነቱ ነው። በምዕራባውያን ትውፊት ማቴዎስ የተገደለው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ በንጉሡ ትእዛዝ ነው። ሥዕሉ ላይ ታዲያ የኢትዮጵያን መልክ አትፈልጉ፤ ሁሉም የሮም ጎረምሳ ነው። ክፍሉ ጨለማ ነው። ሳንቲም ስትከቱ መብራት ይበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይላል። አንዳንዱ ሰው ሌላው እስኪከት ጥግ ይዞ ይጠብቃል። ሳንቲም ይዛችሁ ግቡ፣ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚዘጋም ሰዓት ጠብቁ።

ሁለተኛው ፒያሳ ናቮና ነው። መሐሉ ላይ ቤርኒኒ በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ አለ። ዳንዩብ፣ ጋንጅስ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታ እና አባይ። አባይን በምን ታውቁታላችሁ? ፊቱን በጨርቅ የተሸፈነው ነው። ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው እንዲህ የተቀረጸው። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ግሽ አባይን ያየው በ1618 ነው። የሰከላ ገበሬ ደግሞ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ከምንጩ ጠጥቷል። እና ጨርቁ የተሸፈነው አባይ ላይ ነው ወይስ ቀራጩ ላይ? እያልኩ ዙሪያውን ዞርኩት።

ትሬቪን ሁሉም ያየዋል፣ እናንተም እዩት። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በኛ አቆጣጠር። ከረፈደ ሰውን እንጂ ውኃውን አታዩም፤ ገንዳው ጠርዝ ድረስ ለመውረድም ቁጥጥር አለ። የምትወረውሩት ሳንቲም ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ሥራ ይውላል፣ ስለዚህ አይቆጫችሁ። የስፔን ደረጃ ላይ ደግሞ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው። ደክሟችሁ አረፍ ብትሉ ፊሽካ ይነፋባችኋል፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ሊደርስ ይችላል።

ከእኛ ጋር ምንም ሳያገናኘው አፌን ያስከፈተኝ አንድ ቦታ ቦርጌዜ ጋለሪ ነው። የሚገባው በቀጠሮ ብቻ ነው፣ ለሁለት ሰዓት። ቤርኒኒ የቀረጻትን ዳፍኔን ስታዩ ከኋላዋ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ እጇ ዙሩ። ከአሳዳጇ ስታመልጥ ወደ ዛፍ የምትለወጥበት ቅጽበት ነው። ከጣቶቿ ጫፍ ቅጠል እየበቀለ ነው። እብነ በረዱ እዚያ ላይ እጅግ ስለሳሳ ብርሃን ያሳልፋል። ድንጋይ መሆኑን ረስቼ ትንፋሼ እንዳይነካው አፌን ያዝኩ።

ቫቲካን ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው በነፃ ነው፤ ፍተሻው ግን ረጅም ሰልፍ አለው፣ በማለዳ ሂዱ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። እዚህ ላይ የኛ ሴቶች ዕድለኞች ናችሁ፤ አንድ ቀላል ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ካለ ነገሩ ያልቃል። ሌላው ሴት በር ላይ ሻርፕ ስትገዛ እናንተ ትገባላችሁ። ወደ ጉልላቱ ጫፍ 551 ደረጃ ነው። በአሳንሰር ከጀመራችሁ 320 ይቀራችኋል። መጨረሻው መንገድ ግድግዳው ራሱ ስለሚያዘነብል አንገታችሁን ሰብራችሁ ነው የምትወጡት። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ይቅርበት።

ላይ ስትደርሱ ሁሉም አደባባዩን ለማየት ይጋፋል። እናንተ በጀርባ በኩል ዙሩ፣ ወደ አትክልቱ። እዚያ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። ከባዚሊካው ጀርባ ደግሞ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። በእግራቸው ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ በመርከብ ሮም የደረሱ መነኮሳት! ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ዜማቸውን እዚህ ሰምቶ በግዕዝ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 ሮም አሳተመ። በግዕዝ ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 የሐዲስ ኪዳንን ኅትመት እዚሁ ጀመሩ። ዛሬ እናንተ በስልካችሁ የምታነቡት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ ማዕድን ተቀርጾ የማተሚያ ቀለም የነካው በዚህች ከተማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለማንም በቀላሉ ክፍት አይደለም፤ ከላይ ሆኖ ማየቱ ግን ለኔ ለ551ዱ ደረጃ በቂ ዋጋ ነበር።

የቫቲካን ሙዚየም ሌላ በር፣ ሌላ ትኬት ነው፤ ሲስቲን ጸሎት ቤት ያለው በሱ ውስጥ ነው። አስቀድማችሁ ካልገዛችሁ ግማሽ ቀናችሁ በሰልፍ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ሲስቲን ሲደርስ ሰው ደክሞታል፣ ጠባቂዎቹም ዝም በሉ እያሉ ይጮኻሉ። ኮሪደሮቹን ቶሎ ቶሎ አልፋችሁ ለጣሪያው ጉልበት አስቀሩ።

ስለ ጉዞው ጥቂት ነገር። ሮም በእግር ነው። ሜትሮው መስመሩ ትንሽ ነው፤ ትኬቱ እኔ እያለሁ 1 ዩሮ ከ50፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው። ስልካችሁን የኋላ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ውኃ አትግዙ። በየመንገዱ ዳር ቀጥ ብለው የቆሙ አጫጭር የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ናዞኒ ይሏቸዋል። ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። ታች ያለውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት፤ ከላይ ባለች ቀዳዳ ቅስት ሠርቶ ወደ አፋችሁ ይመጣል። ጎንበስ ብሎ በእፍኝ መጠጣት የለም።

ቡና ቆማችሁ ከጠጣችሁ ርካሽ ነው፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ይህ ማታለል አይደለም፣ ሥርዓታቸው ነው። ጾም ላይ የምትሆኑ ሰዎች ደግሞ አትቸገሩም። ፒዛ ማሪናራ በሉ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሪጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። እንደ ማርጋሪታ በየቤቱ ባይገኝም ጠይቁ፣ ይሠሩላችኋል። እንጀራ ከናፈቃችሁ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስትመለሱ ቀጥታው ባቡር ከተርሚኒ ፊዩሚቺኖ 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ 14 ዩሮ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን ታክሲ ይሻላል። ከጥንቱ የከተማ ቅጥር ውስጥ እስከ ማረፊያው የተወሰነ ታሪፍ አለው፤ ከ2024 ወዲህ 55 ዩሮ ነው። ነጩን የከተማውን ታክሲ ያዙ፣ ሳትገቡም ታሪፉን አንሱበት። ጣቢያው በር ላይ ታክሲ ታክሲ እያለ ሻንጣችሁን የሚቀማችሁን አልፋችሁ ወደ ሰልፉ ሂዱ።